ለፓስወርድ መቀየሪያ ኮድ የትኛውን ራንደም ልጠቀም?

ሰላም_ኮድ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ሪቪው ላይ (ባልደረባ ኮዴን ሲፈትሽ) ኮዴ ተመለሰብኝ። ምክንያቱ በደንብ እንዲገባኝ ስለፈለግኩ ነው እዚህ የምጽፈው።

የሠራሁት ነገር ቀላል ነው። ተጠቃሚው ፓስወርዱን ሲረሳ ባለ6 አሃዝ ኮድ በስልኩ ይላክለታል። ኮዱን የማወጣው በፓይተን ራንደም ሞጁል ነው፦ ራንደም.ራንድኢንት(100000, 999999)። ሪቪው ያደረገልኝ ሰው አንድ መስመር ብቻ ጽፎ መለሰው፦ «ይሄ ለሚስጥር አይሆንም።»

እኔም ዝም ብዬ አልተቀበልኩም። አንድ ሚሊዮን ኮድ አውጥቼ ስርጭቱን በግራፍ አየሁት። ጠፍጣፋ ነው። ወደየትም ያጋደለ ነገር የለም። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ደግሞ መፈለግ ስጀምር ከሊኑክስ ዴቭ ራንደም፣ ዴቭ ዩራንደም፣ ጌትራንደም፣ ከፓይተን ሴክሬትስ፣ ሲስተምራንደም እያለ ይቀጥላል። የቱን ልያዝ?

ባለ32ቢት

እህቴ፣ ሰውየው ልክ ነው። ምክንያቱን ሳይነግርሽ መሄዱ ግን ልክ አይደለም።

ግራፉ የነገረሽ ቁጥሮቹ እኩል መበተናቸውን ነው። «ቀጣዩን ማንም አያውቀውም» ማለት ሌላ ጉዳይ ነው። የፓይተን ራንደም ውስጡ መርሰን ትዊስተር የሚባል ስልት ነው። ለሲሙሌሽን የተሠራ ነው፤ ለዚያ ሥራ ጎበዝ ነው። ሆዱ ውስጥ፣ ማለትም ቀጣዩን የሚያወጣበት የውስጥ ሁኔታው ውስጥ፣ 624 ባለ32 ቢት ቁጥሮች ይዟል። ከእሱ በተከታታይ የወጡ 624 ሙሉ ቁጥሮችን ያገኘ ሰው ሆዱን መልሶ መገንባት ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ከሰርቨርሽ እኩል ያውቀዋል።

ያንቺ ኮድ 32ቱንም ቢት አያሳይም። የሚያሳየው የላይኛውን 20 ቢት ነው። ይሄ አያድንሽም። ስልቱ ሊኒየር ስለሆነ (ቢቶቹ በቀላል ድምር ብቻ ስለሚያያዙ) እያንዳንዷ የታየች ቢት አንድ ኢኩዌሽን ናት። ሥራውን ታከብደዋለች እንጂ አታስቀረውም። አጥቂው ብዙ ኮድ መሰብሰብ ብቻ ይጠበቅበታል።

እንዴት ይሰበስባል? በራሱ አካውንት «ፓስወርድ ረሳሁ» እያለ ይደጋግማል። የበቃው ጊዜ የሌላ ሰው አካውንት ላይ ሄዶ አንድ ጊዜ ይጠይቃል። ኮዱ ለባለቤቱ ስልክ ይላካል። አጥቂው ስልኩን ማየት አያስፈልገውም።

መፍትሔው አጭር ነው፦ ሴክሬትስ.ራንድቢሎው(1000000)፣ ከዚያ ያነሰውን አሃዝ ከፊት በዜሮ ሙዪው። ሞጁሉ ከፓይተን 3.6 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2016 መጨረሻ ወዲህ አለ። የተፈጠረውም ለዚሁ ስህተት ነው። ሰው «ራንደም» የሚለውን ስም ሲያይ ይበቃል ብሎ ያምናል፤ ስሙ ነው የሚያሳስተው።

ሰላም_ኮድ

አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ፓይተን ሲነሳ ራንደምን የሚያስጀምረው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በወሰደው ዘር (መነሻ ቁጥር) ነው ተብሎ አንብቤያለሁ። ዘሩ ጥሩ ከሆነ ለምን አይበቃም?

ባለ32ቢት

ዘሩስ ጥሩ ነው። የሚያፈሰው ስልቱ ነው።

ለሚስጥር የሚሆን አመንጪ ሁለት ነገር ይጠበቅበታል። አንደኛ፣ እስካሁን የወጣውን ሁሉ ያየ ሰው ቀጣዩን መገመት የለበትም። ሁለተኛ፣ ዛሬ ሆዱን የሰረቀ ሰው ትናንት የወጣውን ወደኋላ ሄዶ ማግኘት የለበትም። መርሰን ትዊስተር በሁለቱም ይወድቃል። ምርጥ ዘር ብትሰጪውም ያው ነው።

ፈጣን_እጅ

ይሄን ያህል ማወሳሰብ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ሰዓቱን በሚሊሰከንድ ውሰጂ፣ የፕሮሰሱን ቁጥር (ማሽኑ ለሚሠራው ፕሮግራም የሚሰጠውን መለያ) ጨምሪበት፣ በሻ256 ሀሽ አድርጊው። ሀሽ ወደኋላ አይፈታም። እኔ ለዓመታት እንዲህ ነው የምሠራው።

የድሮ_ከርነል

ወንድሜ፣ ይህን አሠራርህን ዛሬውኑ ብትቀይረው ደስ ይለኛል። በቅንነት ነው የምልህ።

ሀሽ የማይታወቅ ነገር አይፈጥርም። ያስገባህበትን ነው የሚያማስለው። ያስገባኸው ደግሞ ሊቆጠር የሚችል ነው። አጥቂው ጥያቄው የተላከበትን ሰከንድ ያውቃል፤ ራሱ ነው የላከው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 1,000 ሚሊሰከንድ አለ። የፕሮሰስ ቁጥሩ በብዙ ሊኑክስ ማሽን ላይ ለረጅም ጊዜ እስከ 32,768 ነበር። ሁለቱን አባዛቸው፤ 33 ሚሊዮን ገደማ ነው። ይሄ ለአንድ ላፕቶፕ የሰከንዶች ሥራ ነው። ደግሞ ለራሱ አካውንት ያስወጣው ኮድ የፕሮሰሱን ቁጥር ያጋልጥለታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው 1,000 ሙከራ ብቻ ነው።

አዲስ ስህተትም አይደለም። በ1995 ኔትስኬፕ ብራውዘር የተሰበረው በዚሁ ነው። ሁለት የበርክሌይ ተማሪዎች፣ ኢያን ጎልድበርግ እና ዴቪድ ዋግነር፣ የኤስኤስኤል (የድረ ገጽ ግንኙነት ምስጠራ) ቁልፉ ዘር ከሰዓትና ከፕሮሰስ ቁጥሮች እንደሚወጣ አገኙ። ምስጠራው ራሱ አልተነካም። ቁልፉ ግን ተገመተ።

ቀጥሎ ደቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ጉዳይ አለ። በ2006 የደቢያን ኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ላይብረሪ) ላይ ጥቂት መስመር ተነሳ። የሜሞሪ መመርመሪያ መሣሪያ ስለጮኸበት ነው። የተነሳው መስመር ግን ኢንትሮፒውን (የማይገመተውን ነገር) ወደሚጠራቀምበት ገንዳ የሚጨምረው ነበር። የቀረው የፕሮሰስ ቁጥር ብቻ። እስከ ግንቦት 2008 ድረስ ማንም አላየውም። በዚያ ጊዜ በደቢያንና በኡቡንቱ ላይ የወጣ የኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሰርቨር መግቢያ) ቁልፍ፣ ለአንድ ዓይነትና መጠን፣ ከ32,768 አንዱ ነበር። ሁሉም ተዘርዝሮ ይፋ ወጣ። ሰው ቁልፉን በሙሉ ጥሎ እንደገና ማውጣት ነበረበት።

የቅርቡን ብነግርህ፣ በ2023 ሊብቢትኮይን ኤክስፕሎረር የሚባል መሣሪያ የቢትኮይን ዋሌት ዘር ሲያወጣ መርሰን ትዊስተርን በ32 ቢት ሰዓት እያስጀመረ መሆኑ ታወቀ። ሰው 256 ቢት ጥንካሬ አለኝ ብሎ ገንዘቡን አስቀመጠ። በእጁ የነበረው 32 ቢት ነው። ገንዘብ ተሰረቀ።

ፈጣን_እጅ

እሺ፣ ተረድቻለሁ። የፕሮሰስ ቁጥሩ በራሱ ኮድ እንደሚጋለጥ አስቤው አላውቅም ነበር። ነገ የምቀይረው ሁለት ቦታ አለኝ።

ግን ጋሼ፣ ከቀየርኩ አይቀር ጠንካራውን ልያዝ። ዴቭ ራንደም ከዴቭ ዩራንደም ይሻላል አይደል? ዩራንደም ኢንትሮፒ ሲያልቅበትም ይሰጣል ይባላል።

የድሮ_ከርነል

ይሄ ነገር ከድሮው የሊኑክስ ማኑዋል የመጣ ነው። ብዙ ሰው አሳስቷል።

ድሮ ዴቭ ራንደም የኢንትሮፒ ግምት ይይዝ ነበር። ባይት ባወጣህ ቁጥር ግምቱን ይቀንሳል፤ ሲያልቅ ያስቆምሃል። ሐሳቡ ኢንትሮፒን እንደ ጀሪካን ውሃ ያየዋል። አንድ ጊዜ 256 ቢት እውነተኛ ኢንትሮፒ ከገባ ግን ጥሩ ስልት ከዚያ ተነስቶ እንዳሻህ ያወጣልሃል። ከሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 4.8 ጀምሮ ዩራንደም ቻቻ20 የሚባለውን የምስጠራ ስልት ይጠቀማል። ቻቻ20 ከተሰበረ የኢንተርኔት ምስጠራህም አብሮ ተሰብሯል፤ ዴቭ ራንደም ብቻውን አያድንህም።

እውነተኛው ልዩነት ሌላ ነው። ማሽኑ ገና ሲነሳ ገንዳው ባዶ ነው። ዩራንደም ያኔም ይሰጥሃል፤ ይሄ ነው አደጋው። በ2012 ተመራማሪዎች ኢንተርኔቱን አስሰው ለ0.5 ከመቶ የቲኤልኤስ (የኤስኤስኤል ተተኪ) ሰርቨሮች የአርኤስኤ የግል ቁልፋቸውን አስልተው አገኙት። ብዙዎቹ ራውተርና የመሳሰሉ ትንንሽ መሣሪያዎች ነበሩ። ገና በተነሱበት ደቂቃ ቁልፍ ያወጣሉ፤ ሁለት መሣሪያዎች አንድ ፕራይም ቁጥር ይጋራሉ። የአርኤስኤ ቁልፍ የሚሠራው ከሁለት ፕራይም ስለሆነ፣ አንድ ፕራይም የተጋራ ጊዜ ሁለቱም ቁልፎች በቀላሉ ይፈታሉ።

ጌትራንደም የሚባለው ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን በቀጥታ የሚጠይቅበት ጥሪ) በ2014 በከርነል 3.17 የመጣው ለዚህ ነው። ገንዳው አንድ ጊዜ እስኪሞላ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ መቼም አያስጠብቅህም። በ2020፣ ከ5.6 ጀምሮ፣ ዴቭ ራንደምም እንዲሁ ሆነ። ስለዚህ የድሮው ክርክር አብቅቷል። ጌትራንደምን ጥራ።

ሌላም ጥቅም አለው። ዴቭ ዩራንደም ፋይል ነው። ፋይል መክፈት ሊከሽፍ ይችላል፦ ፕሮሰሱ የከፈታቸው ፋይሎች ገደብ ሲሞላ፣ ወይም ዴቭ በሌለበት የተዘጋ አካባቢ ውስጥ ስትሠራ። ያኔ ፕሮግራሙ ምን ያደርጋል? አንዳንድ ላይብረሪ ወደ ሰዓት ይመለስ ነበር። ጸጥ ብሎ። ሲስተም ኮሉ ይህን በር ዘጋው።

ጀማሪ_ጃቫ

አሁን ነው የገባኝ! የጃቫ አፕሊኬሽናችን ሰርቨር ላይ ሲነሳ ደቂቃዎች ይቆም ነበር። አንድ ሰው ከሆነ ቦታ ቀድቶ ዴቭ፣ ነጥብ፣ ዩራንደም የሚል ሴቲንግ ጨመረበትና ተፈታ። ለምን እንደሠራ ማናችንም አናውቅም ነበር።

የድሮ_ከርነል

አዎ፣ የጃቫው የሚስጥር ራንደም፣ ሴክዩርራንደም፣ ከዴቭ ራንደም ዘር ሲጠብቅ ነው። አዲስ ከርነል ላይ ያ ሴቲንግ አያስፈልግህም። ከቻልክ አውጣው፤ ማንም የማያውቀው መስመር እንዲሁ መቅረት የለበትም።

ሂሳብ_ወዳድ

አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም፤ ሁልጊዜ ይዘለላል። ጥሩ ባይት ማግኘት ግማሹ መንገድ ነው። ከባይት ወደሚፈልጉት ቁጥር ሲሄዱ ብዙዎች ይሰናከላሉ።

ከ62 ፊደልና አሃዝ የተሠራ ቶክን (የሚስጥር መለያ) ፈልገሻል እንበል። አንድ ባይት ታወጪና ለ62 አካፍለሽ ቀሪውን ትወስጃለሽ። ባይት 256 ዋጋ አለው። 256 ማለት 62 አራት ጊዜ ሆኖ 8 ይተርፋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 8 ምልክቶች እያንዳንዳቸው 5 ዕድል አላቸው፤ የቀሩት 54 ግን 4። የ25 ከመቶ ልዩነት ነው! ባይቱ ከየትኛውም ምርጥ ምንጭ ቢመጣ ይህ አይጠፋም። አንቺው ነሽ ያጋደልሽው።

መድኃኒቱ መጣል ነው። 248 እና ከዚያ በላይ የሆነ ባይት ሲመጣ ጣይውና ሌላ አውጪ። ከ32 ባይት በአማካይ አንዷን ነው የምትጥዪው፤ ወጪው ኢምንት ነው። የተሻለው ግን ራስሽ አለመጻፍ ነው። ሴክሬትስ.ራንድቢሎው፣ የፒኤችፒ ራንደም_ኢንት፣ የኖድ ክሪፕቶ.ራንደምኢንት፣ የኦፕንቢኤስዲ አርክ4ራንደም_ዩኒፎርም ይህን በውስጣቸው ይሠሩታል። ለእኔ የጥሩ ኢንተርፌስ የመጀመሪያ ምልክት ይሄ ነው፦ ባይት ብቻ ሰጥቶ አይሸኝሽም። «ከዚህ በታች ያለ ቁጥር» ስትዪውም በትክክል ይሰጥሻል።

ባለ32ቢት

በዚህ በጣም እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው የስህተት አመላለስን ነው።

የኦፕንኤስኤስኤል ራንድ_ባይትስን እዩ። ሲሳካ 1 ይመልሳል። ሲከሽፍ 0 ወይም ደግሞ -1። በሲ ቋንቋ ውስጥ -1 እውነት ተብሎ ነው የሚቆጠረው። «ዜሮ ካልሆነ ተሳክቷል» ብሎ የጻፈ ሰው ሁሉ -1 ሲመጣ ያልተሞላ ሜሞሪ ይዞ ይቀጥላል። ስንት ጎበዝ ሰው ይህን ጽፏል መሰላችሁ። የፒኤችፒው የድሮ ኦፕንኤስኤስኤል_ራንደም_ሱዶ_ባይትስ ደግሞ «ያወጣሁት ጠንካራ ነው ወይስ አይደለም» የሚለውን በሁለተኛ መለኪያ ይነግርሃል። ማን ያየዋል? ጠንካራ ካልሆነ መጀመሪያውኑ ለምን ይሰጠኛል? ፒኤችፒ 7 በ2015 ራንደም_ባይትስን ሲያመጣ ይህን አስተካከለ። ካልቻለ ኤክሴፕሽን ይጥላል።

ጎ የሚባለው ቋንቋ ከሁሉም ርቆ ሄዷል። በ2025 የወጣው 1.24 ላይ ክሪፕቶ ራንድ ሪድ ስህተት አይመልስም ተባለ። ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ማግኘት ካልቻለ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። ማዳን አይቻልም።

ፈጣን_እጅ

እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ሺህ ሰው የሚጠቀምበት ሰርቨር በአንድ የራንደም ጥሪ ምክንያት ይውደቅ? ስህተቱን ይመልስልኝ፤ እኔ እወስናለሁ።

ባለ32ቢት

ምን ትወስናለህ? ይሄን ከልብ ነው የምጠይቅህ። ቁልፍ ማውጣት ካልቻልክ ያለህ ምርጫ መቆም ወይም የማይረባ ቁልፍ መስጠት ነው። ሁለተኛውን ማንም ሊመርጥ አይገባም። ስህተቱን መመለስ ያንን ሁለተኛ በር ክፍት መተው ነው። ያ በር የሚከፈተው ደግሞ ማንም በማይፈትነው የኮድ መስመር ላይ ነው፤ ምክንያቱም ስህተቱ ራሱ መቼም አይከሰትም ማለት ይቻላል።

የድሮ_ከርነል

እኔ ከባለ32ቢት ጋር ነኝ፣ ግን የፈጣን_እጅ ስጋት ባዶ አይደለም። በ2019 የሆነውን ላንሳ። ከርነል 5.3 ሲዘጋጅ የኢኤክስቲ4 ፋይል ሲስተም ተሻሻለ፤ ማሽን ሲነሳ የሚደረገው የዲስክ ንባብ ቀነሰ። ጥሩ ለውጥ ነው። ነገር ግን ከርነሉ ኢንትሮፒ የሚለቅመው ከዲስኩ ሥራም ጭምር ነበር። ገንዳው አልሞላ አለ። ጌትራንደም ጠበቀ። ማሽኑ መነሳት አቃተው። ለውጡ ለጊዜው እንዲመለስ ተደረገ፣ በ5.4 ደግሞ ከርነሉ ራሱ ከፕሮሰሰሩ የጊዜ መዋዠቅ ኢንትሮፒ እንዲለቅም ተደረገ። ስለዚህ «ይጠብቅ» ወይም «ይውደቅ» ስንል ከበታች ያለው በጭራሽ እንዳይደርቅ መሥራት አለብን። ጎ ያንን ደፍሮ መወሰን የቻለው ከርነሎቹ ይህን ስላስተካከሉ ነው።

ሃርድዌሩን ብቻ ማመንም አይሆንም። በዚያው 2019 አንዳንድ አዲስ የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች አርዲራንድ በሚባለው የራሳቸው የራንደም ትዕዛዝ ሲጠየቁ ሁሉም ቢቱ 1 የሆነ ቁጥር እየመለሱ፣ «ተሳክቷል» ይሉ ነበር። ከርነሉ ብዙ ምንጭ የሚያደባልቀው ለዚህ ነው።

ጀማሪ_ጃቫ

ጥያቄ አለኝ። ቴስት ስጽፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት እንዲመጣ ዘር እሰጠው ነበር። ሴክሬትስ ዘር አይቀበልም። ታዲያ እንዴት ልፈትን?

ባለ32ቢት

ዘር አለመቀበሉ ትልቁ በጎነቱ ነው። ዘር መስጫ ካለ አንድ ቀን አንድ ሰው ይሰጠዋል። በአንተው ጃቫ ላይ ሆኗል። ሻ1ፒአርኤንጂ በሚባለው ሴክዩርራንደም ላይ ምንም ሳታወጣ በፊት ሴትሲድ ከጠራህ፣ ውጤቱ በሰጠኸው ዘር ብቻ ይወሰናል። በኋላ ከጠራህ ግን ይጨመርበታል። አንድ ስም፣ ሁለት ባህርይ። ብዙ የአንድሮይድ ፕሮግራመሮች በዚህ መንገድ ከፓስወርድ ቁልፍ ያወጡ ነበር፤ ጉግል በ2016 ሻ1ፒአርኤንጂን የሚያቀርበውን ክፍል ሊያስወግደው እንደሆነ አስታውቆ፣ ተዉት አለ።

ለቴስት እንዲህ አድርግ፦ ኮድ የሚያወጣውን ፋንክሽን ከውጭ ተቀበል። ቴስት ላይ «482913» ብቻ የሚመልስ ፋንክሽን ስጠው። እውነተኛው ፕሮግራም ላይ ሴክሬትስን ስጠው። ዘር የሚባል ነገር የትም አይታይ።

ፈጣን_እጅ

የመጨረሻ ጥያቄዬ። ፍጥነትስ? በየጥሪው ወደ ከርነል መሄድ አይከብድም? አንድ ጊዜ ዘር ወስጄ የራሴን ቻቻ20 ፕሮግራሙ ውስጥ ባሽከረክረውስ?

የድሮ_ከርነል

ለፓስወርድ ኮድ ፍጥነቱ አይታይህም። የራስህን ስትይዝ ግን ሁለት ወጥመድ አለ። ፕሮሰሱ ፎርክ ሲያደርግ (ራሱን ሲያባዛ) አባትና ልጅ አንድ ዓይነት ሆድ ይዘው ይቀራሉ፤ ተመሳሳይ ቶክን ያወጣሉ። ቨርቹዋል ማሽን ከአንድ ስናፕሾት (የተቀመጠ ቅጂ) ሁለቴ ሲነሳም እንደዚሁ። ከርነሉ ከ5.18 ጀምሮ ማሽኑ መባዛቱን ከሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኑን ከሚያስኬደው ፕሮግራም) ሰምቶ ዘሩን ያድሳል። ያንተ ፕሮግራም ግን ይህን አይሰማም። በእውነት ፍጥነት ከፈለግህ፣ በ2024 የወጣው ከርነል 6.11 ጌትራንደምን ወደ ከርነል ሳይገቡ መጥራት እንዲቻል አድርጓል። ፎርኩንም መባዛቱንም እሱ ይጠብቅልሃል።

ሰላም_ኮድ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎን መልስ ለቡድናችን በሙሉ አስነብቤዋለሁ።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ኮዱን ወደ ሴክሬትስ.ራንድቢሎው ቀየርኩ። ከዚያ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ባለ6 አሃዝ ኮድ ያለው ሚሊዮን ዕድል ብቻ ነው። አመንጪው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ያለገደብ መሞከር የሚችል ሰው ይደርስበታል። ስለዚህ ከ5 የተሳሳተ ሙከራ በኋላ ኮዱ እንዲሰረዝ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላም እንዲያልፍበት አደረግኩ። ቴስቱን ባለ32ቢት ባለው መንገድ ጻፍኩት። ሪቪው አለፈ።

ከዚያ ፕሮጀክቱን በሙሉ ፈተሽኩ። ብራውዘር ላይ በሚሠራው ኮድ የጃቫስክሪፕቱን ተራ ራንደም፣ ማዝ.ራንደምን፣ 12 ቦታ አገኘሁ። 9ኙ ለቀለምና ለአኒሜሽን ናቸው፤ ተውኳቸው። 3ቱ ግን ቶክን ያወጣሉ። እነሱን በክሪፕቶ.ጌትራንደምቫሊውስ ልተካ ስል ስህተት ይጥልብኛል። ፍሎት32አሬይ ነው የሰጠሁት።

ሂሳብ_ወዳድ

በዜሮና በአንድ መካከል ያለ ቁጥር አይሰጥሽም፤ የሚሞላው የሙሉ ቁጥር አሬይ ብቻ ነው። ዩኢንት8አሬይ 16 ባይት ስጪውና በሄክስ ጻፊው። ሄክስ 16 ምልክት ስላለው 256 እኩል ይካፈላል፤ የሚጣል ባይት የለም። በአንድ ጥሪ ከ65,536 ባይት በላይ ከጠየቅሽው ግን አይሰጥሽም።

ሰላም_ኮድ

ሠራ። 3ቱንም ቀይሬ ለሪቪው ልኬያለሁ።